ካሜራውን ተዉት፣ ፊደሉን ጠይቁ

ባለፈው ሰሞን ከአንድ የግጥም ምሽት በኋላ ስድስት ሆነን ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ስድስታችንም «ግጥም እንጽፋለን» ባዮች ነን። ስለቀረቡት ግጥሞች እንወያያለን ብዬ ስጠብቅ ወሬው ሳይታሰብ ወደ ስልክ ዞረ። አይፎን ይሻላል፣ የለም አንድሮይድ ይሻላል የሚለው ጭቅጭቅ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ሻይ አስጨረሰን። አንዱ ካሜራውን አነሣ፤ ሌላው ባትሪውን፤ ሦስተኛው ደግሞ «ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያስከብር» አለ፣ ምንም ሳያፍር። ከመካከላችን ግን አንድ ሰው እንኳ፣ እኔንም ጨምሮ፣ «አማርኛ ሲጻፍበት እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ይበልጥ የሚቆጨኝ፣ ያን ምሽት ሁላችንም ግጥማችንን ያነበብነው ከስልካችን ላይ መሆኑ ነው።

ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ ዝም ስላልሁ ነው። ያልተናገርሁትን እዚህ ልናገረው፤ ለአማርኛ አንባቢና ጸሐፊ ስልክ ከስልክ የሚበልጠው በፊደል ነው። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሆኖም ከማጋነኑ ብዙም አልርቅም።

የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነው። በዚያ መስኮት በኩል ከገንዘቡ ባልተናነሰ ስልክ ይገባል፤ «አንብብልኝ» እየተባለ። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ልጃቸው ከጂዳ የላከችላቸውን ገንዘብ ሊወስዱ መጡ። የያዙትም ስልክ እሷው ገዝታ የላከችው ነው፤ የእኔን ያስንቃል። ከባንኩ የደረሳቸውን አጭር መልእክት አሳዩኝ፤ እንግሊዝኛ ነው። ምን እንደሚል ነገርኋቸው። ቀጥለው ልጃቸው የጻፈችላቸውን አሳዩኝ። እሱ አማርኛ ነው፤ የተጻፈው ግን በላቲን ፊደል ነው።

«ማንበብ እኮ አያቅተኝም፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ዳዊት እደግማለሁ። ይሄኛው ነው ያቃተኝ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብሁላቸው። አንዲት ልጅ ለእናቷ ብቻ የምትጽፈውን ነገር፣ ከኋላ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ እየሰማ፣ የማያውቃት የባንክ ሠራተኛ አነበበው። ዕድሜውን ሙሉ ዳዊት የደገመ ዓይን በገዛ ልጁ ደብዳቤ ፊት መሃይም ሆነ። ጥፋቱ የስልኩ ነው እንዳልል፣ ተቀብዬ አየሁት፤ ፊደላችንን አጥርቶ ያሳያል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጂዳ ያለው ስልክ ላይ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ከፍቶ መጻፍ።

«ምን ችግር አለው? ዋናው መግባባት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ደግሞ አንግባባም እላለሁ። እኛ በምንጽፍበት ልማድ የላቲን ፊደል «ጠ»ን ከ«ተ» አይለይልንም። «ልጅሽ መጣ» እና «ልጅሽ መታ» አንድ ሆነው ይጻፋሉ። «ጠፋ» እና «ተፋ» እንዲሁ። የመምጣትና የመምታት፣ የመጥፋትና የመትፋት ልዩነት ለአንባቢው ግምት ይተዋል። አንድ ጊዜ በዚሁ ተናድጄ፣ እንደ ልማዴ፣ ሁለት ስንኝ ቋጥሬ ነበር፤

መጣ ብለሽ ጽፈሽ፣ መታ ብዬ አነበብሁ፤
በባዕድ ፊደል ነው፣ ከልጄ የተጣላሁ።

እዚህ ላይ «የእኛስ ፊደል መች ሁሉን ይለያል? የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። እውነት ነው። «አለ» ብለን ስንጽፍ መናገሩን ይሁን መኖሩን አንባቢው ከዐውዱ ይረዳል። ይህ አሻሚነት ግን የቋንቋው ባለቤቶች በዘመናት የተጫወቱበት፣ ሰምና ወርቅ ያነጠሩበት ሀብት ነው። ገጣሚው አውቆ ያጠብቃል፣ አውቆ ያላላል። የላቲኑ አሻሚነት ግን ማንም ያላሰበው አደጋ ነው፤ ከአደጋ ደግሞ ቅኔ አይዘረፍም። ቤት መምቻውንም አስቡት። ዓይናችን በስንኝ ጫፍ የሚጠብቀው አንድ ፊደል ነው፤ «ሁ» ከ«ሁ»፣ «ና» ከ«ና»። በላቲን ሲጻፍ ያ ፊደል ሁለት ቦታ ይሰነጠቅና ቤቱ በጆሮ ብቻ የሚገኝ ይሆናል።

ይህ ልማድ እንዴት እንደያዘን አልዘነጋሁትም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየው አጭር መልእክት ሲከፈት የእኔ ትውልድ ገና ተማሪ ነበር። በእጃችን የነበረው ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ፊደላችንን ጨርሶ አያውቀውም። ስለዚህ ፍቅራችንንም፣ ጸባችንንም፣ «ሃምሳ ብር አበድረኝ»ንም በላቲን ጻፍን። ወቀሳ አይገባንም ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳና «ኒያላ» የተባለ የፊደል ገበታ ይዞ መጥቷል። ኪሳችን ውስጥ ያለው መሣሪያ ግን ከጠረጴዛው ኮምፒውተር ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

የዋጋም ነገር አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ አንዱ ፊደላችን በመልእክቱ ውስጥ የሚወስደው ቦታ ከላቲኑ ስለሚበልጥ። ባንክ ለደንበኛው በአማርኛ ይጻፍ ሲባል የሚሰጠው መልስም ይኸው ነው፦ አንዱ መልእክት ሁለት ይሆናል፣ ሂሳቡም እንዲሁ። እኔ ሂሳብ ሥራዬ ነውና ቆጠርሁት። «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን አምስት። «እንደምን አደርክ» በእኛ፣ ክፍተቱን ጨምሮ፣ አሥር ነው፤ በላቲን ደግሞ አሥራ ሦስት። ልዩነቱ በወረቀት ላይ እንደሚታየው ሰፊ አይደለም። «ብር 500 ገቢ ሆኗል» ለማለት 70 ፊደል ይተርፋል። ጉዳዩን ለአለቆች ባነሣ ፈገግታ አተረፍሁ፤ ፈገግታው ተቀማጭ ሂሳቤ ውስጥ እስካሁን አለ፣ ወለድም አልወለደ።

ከዚያ የንክኪ ስክሪን መጣ። ይህ ለላቲን ጸሐፊ ምቾት ነበር፤ ለእኛ ግን ነጻነት መሆን ነበረበት። በጽሕፈት መኪና ዘመን ፊደላችን በዝቷል፣ መሣሪያው አይችለውም፣ ይቀነስ የሚል ክርክር እንደነበረ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ታስታውሳላችሁ። የብረት ቁልፍ ቁጥሩ የተወሰነ ነውና ክርክሩ ቢያንስ ምክንያት ነበረው። የመስታወት ቁልፍ ግን እንዳዘዙት ይለዋወጣል። «ለ»ን ሲነኩ ሰባቱም ወንድማማቾች ይሰለፋሉ፤ የፈለጉትን ይመርጣሉ። ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር በዚያች ቀን መሞት ነበረበት።

የሁለቱ ስልኮች እውነተኛ ልዩነት የተገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንም ያላነሣውም ይህንኑ ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 በወጣው 1.5 በተባለው ዕትሙ ማንኛውም ባለሙያ ቁልፍ ሰሌዳ ሠርቶ እንዲያስገባ በሩን ከፈተ። አፕል ይህንኑ በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014፣ በአይኦኤስ 8 ነው። በመካከሉ ከአምስት ዓመት በላይ አለ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ለአይፎን ቁልፍ ሰሌዳ ቢሠራ እንኳ፣ ተጠቃሚው በዚያ ገጽ ላይ ጽፎ፣ ገልብጦ፣ ወደ መልእክቱ ማምጣት ነበረበት። እንዲህ ተንከራትቶ ለእናቱ የሚጽፍ ስንቱ ነው? በእርግጥ የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶችም ፊደላችን ስላልነበራቸው በአማርኛው ምትክ ባዶ ሳጥን ይደረድሩልን ነበር። ቢሆንም ፍርዴን አልሸሽግም፤ ለአማርኛ ጸሐፊ የቀደመው አንድሮይድ ነው። ባለቤቶቹ ከሌላው ይልቅ ስለወደዱን አይመስለኝም። ለራሳቸው ጥቅም በሩን ክፍት ተዉት፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ገቡበት።

አይፎን አምላኪ ወዳጄ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «የእኔ ግን ይኖራል» ይላል። ይኖራል፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሸጠው አይፎን 6ኤስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን አይኦኤስ 15 ተቀብሏል፤ ብዙዎቹ ርካሽ አንድሮይዶች ግን ማዘመኛ ማየታቸውን ቶሎ ያቆማሉ። ባትሪን የሚያስቀድመውንም አልስቅበትም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው መብቱ ነው፤ ደግሞም ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከጀመረ ወዲህ የሞተ ስልክ የተዘጋ ቦርሳ ነው። ሁለት ሲም የሚፈልገውም፣ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ምክንያት አለው። ሌላ መሄጃም የለንም፤ የዊንዶውሱ ስልክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የብላክቤሪው በ2022 ተቋርጦ ሜዳው ለሁለቱ ቀርቷል።

ቴክኖን ተመልከቱ። ይህ የቻይና ስልክ ሠሪ የአፍሪካን ገዢ ምን ትፈልጋለህ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሲም ተባለ፤ አደረገ። የጠቆረ ፊት ጥርት ብሎ ይታይ ተባለ፤ ካሜራውን ለቆዳችን ቀለም አስተካከለ። ገበያውንም ወሰደ። ነጋዴ የተጠየቀውን ያቀርባል። እኛ ፊታችን በፎቶ እንዲያምር ጠይቀን አገኘን፤ ፊደላችን እንዲያምርስ መቼ ጠየቅን? ሱቅ ገብቶ ስልክ ሲመርጥ «እስቲ ‹ጸሐይ› ብለህ ጻፍልኝ» ያለ ገዢ አይቼ አላውቅም።

«አሁን እኮ ሁሉም በድምፅ መልእክት ሆኗል፣ ማን ይጽፋል?» የሚል ደግሞ አለ። የልጅን ድምፅ መስማት የሚያህል ነገር የለም፤ እሱን አልነካም። ግን በግጥም ምሽት የሚገኝ ሰው ይህን ሲል መስማት ይገርመኛል። ድምፅ ውስጥ ስርዝ የለም። የተጻፈ ቃል ተመርጦ፣ ተጠልቶ፣ ሌላ ተተክቶ የሚቀር ነው። ያን ሥራ የማይወድ ሰው ለምን ግጥም እጽፋለሁ እንደሚል አይገባኝም።

እንግዲህ ዛሬ ምን ምክንያት ቀረን? በሁለቱም ዓይነት ስልኮች ላይ አማርኛ መጻፍ ይቻላል። ጂቦርድ አማርኛ አለው፤ በኢትዮጵያውያን እጅ የተሠሩም አሉ፤ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ማስገባቱ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። የቀረው ስንፍና ነው። ከስንፍናውም በታች፣ ደፍሬ ልበለው፣ ትንሽ ኩራት አለ፤ በላቲን የሚጽፍ ሰው የተማረ የሚመስልበት ኩራት። ደግሞ የባሰብን እኛ ነን። ስለ ፊደላችን ክብር በየመድረኩ እንፎክራለን፤ ከመድረክ ስንወርድ «ግጥምህ ግሩም ነው» የምንባባለው በላቲን ነው። ይህን ከመጻፌ በፊት የራሴን የቆየ መልእክት ፈልጌ አየሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ «ሠ» እና «ሰ» ሊለዩ ይገባል ብዬ የተሟገትሁት በላቲን ፊደል ነው። ጓደኛዬም አልሳቀብኝም፤ እሱም በላቲን ነበር የሚመልሰው።

እኚያ እናት ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ወረፋው አጭር ነበርና «እማማ፣ ከፈለጉ እርስዎ እየነገሩኝ ለልጅዎ ልጻፍልዎ» አልኋቸው። ስልካቸው ላይ ቁልፍ ሰሌዳውን ከፍቼ የነገሩኝን ሁሉ በፊደል ጻፍሁ። የጤናቸውን፣ የጎረቤቱን ልቅሶ፣ የቤቱን ኪራይ። በመጨረሻም «በዚህ ፊደል ጻፊልኝ፣ እሱን ራሴ አነበዋለሁ በልልኝ» አሉኝ። ጻፍሁና ላክሁት።

ገንዘባቸውን እየቆጠርሁ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። መልሱ አሁንም በላቲን ነው። የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ «እማዬ» ብላ በፊደል ተጽፋለች። መነጽራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ያችን አንዲት ቃል ጮክ ብለው አነበቧትና፣ ለቀረው ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት።