ቀብድ ከመክፈል በፊት ስክሪኑ ይሞከር

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የመኪና ገበያው ፊቱን ወደ ቻይና ሥሪት ኤሌክትሪክ መኪኖች አዙሯል፡፡ ገዢና ደላላ በባትሪና በዋጋ ሲከራከሩ ስክሪኑ ይረሳል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአፕል ካርፕሌይ የሚሠራው ከአይፎን፣ በ2015 የተከተለው የጉግል አንድሮይድ አውቶ ደግሞ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ብቻ ነው፡፡ ካርፕሌይ በቻይናም ስለሚሠራ ለዚያው ገበያ በተመረቱ አንዳንድ መኪኖች ላይ ይገኛል፡፡ የጉግል አገልግሎት ግን እዚያ ዝግ ስለሆነ አንድሮይድ አውቶ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ቦታውን እንደ ባይዱ ካርላይፍ ያሉት ይዘውታል፡፡

አንድሮይድ ስልክ የያዘ ገዢ ካርታውን በስክሪኑ ካላገኘ፣ መኪናውን መልሶ ሲሸጥ ቀጣዩ ገዢም ያንኑ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ይሰብርበታል፡፡ ስለዚህ ከቀብዱ በፊት ስልኩ ከመኪናው ጋር ይያያዝ፤ ካልተያያዘ ሻጩ ዋጋውን ይቀንስ፡፡