የሞተሩን ኮምፒዩተር ሳይመረምሩ አይፍረዱበት

በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም ጤናውንም ያጣል። የመኪናም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምዳችን ልናነሣ ያሰብነው የሞተሩን ሥራ ስለሚመራው ኮምፒዩተርና፥ ይህ መሣሪያ ተበላሸ ሲባል የመኪናው ባለቤት ኪሱን ከመፍታቱ አስቀድሞ ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር ነው። ምሳሌያችንን ከጎረቤታችን ከሱዳን ዋና ከተማ ከካርቱም እንወስዳለን፤ ሙቀቱም፥ አቧራውም፥ ጦርነቱም በዚያች ከተማ በመኪና ላይ ተባብረዋልና።

ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት፥ በመተማ በኩል የተሻገሩ ብዙ ወገኖቻችንም ዴም በሚባለው ሰፈርና በሌሎችም ሰፈሮች ሲኖሩባት የቆዩ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 15 ቀን 2023 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጣን ድጋፍ ሰጪው ኃይል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወጣ። ሠራዊቱ በማርች 2025 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን ከያዘ በኋላ ተመላሹ እየበዛ ሄደ። ከተተዉት መኪናዎች ብዙዎቹ ተዘርፈዋል፥ ተቃጥለዋል፥ ዕቃቸውም እየተፈታ ተወስዷል። መኪናውን በቆመበት ያገኘ ሰው ግን የእንጀራውን መሣሪያ አገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መኪናው በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚበልጥ ፀሐይና ሐቡብ በሚባለው የአቧራ ማዕበል ውስጥ ወራትና ዓመታት ቆሞ ስለ ሰነበተ፥ ቁልፉ ሲዞር ዝም ይላል። ያን ጊዜ ችኩሉ መካኒክ «ኮምፒዩተሩ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል።

ለመሆኑ ይህ ኮምፒዩተር ምንድር ነው? በትንሽ ሣጥን ውስጥ የተዘጋ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው። ሴንሰር ከሚባሉት ጠቋሚዎች የሞተሩን ሙቀት፥ የሚገባውን አየርና የሞተሩን ዙር ይሰማል፤ ከሰማም በኋላ ቤንዚኑ በምን ያህል መጠን እንዲረጭ፥ ካንዴላውም መቼ እሳት እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1979 ዓ.ም. ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሞትሮኒክ በሚባለው መሣሪያ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ኮምፒዩተር አጣምሮ በቢ.ኤም.ደብሊው መኪና ላይ አዋለ። ከዚያ ወዲህ የካርቡራተር ዘመን ቀስ በቀስ አለፈ።

ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ ሞተሩ አልነሣ ይላል፥ በመንገድ ላይ በድንገት ይጠፋል፥ ያንገጫግጫል፥ ነዳጅም ያባክናል። ነገር ግን እነዚህን ምልክቶች ሁሉ የደከመ ባትሪ፥ የዛገ ሽቦ፥ ወይም የተበላሸ ሴንሰር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የመጨረሻው ተከሳሽ ሊሆን ይገባዋል። ምርመራውም በተራ እንዲሆን እንመክራለን።

በመጀመሪያ ባትሪው ይለካ። ደኅና ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሞላው ደግሞ ወደ 14 ቮልት ይደርሳል። ሁለተኛ፥ ወደ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ፊውዞችና ሪሌዎች ይታዩ። ቁልፉ ሲከፈት በክሩስኮቶው ላይ የሞተሩ ምልክት መብራት ካልበራ፥ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ቀርቶ ይሆናል። ሦስተኛ፥ ኮምፒዩተሩን ከመኪናው አካልና ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ይመርመር። ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ በዚህ ሽቦ ሁለት ጫፎች መካከል የሚገኘው ልዩነት ከ0.1 ቮልት እምብዛም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ፥ ጥፋቱ የዝገት ነው፤ መድኃኒቱም ማጽዳትና ማጥበቅ ነው። ቆሞ በሰነበተ መኪና ውስጥ አይጥ ሽቦውን እንዳልበላው ማየትም የተገባ ነው።

አራተኛ፥ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ይሰካ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት መኪናዎች ሁሉ ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ አላቸው፤ ሌሎችም አገሮች ኋላ ተከትለዋል። ፒ 0606 የሚለው ኮድ የኮምፒዩተሩ አንጎል ራሱ እንደ ታመመ ይናገራል። ዩ 0100 የሚለው ደግሞ ሌሎቹ መሣሪያዎች ከእርሱ ጋር መነጋገር እንዳቃታቸው ይገልጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሽቦ ችግር ነው። አምስተኛ፥ ኮምፒዩተሩ ለሴንሰሮች የሚያድለው 5 ቮልት ይለካ። ከጠፋ ሴንሰሮቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ፥ ጥፋተኛው ያ ሴንሰር ወይም የእርሱ ሽቦ ነው፤ ኮምፒዩተሩም በነጻ ይለቀቃል።

ይህ ሁሉ ተፈትኖ ኮምፒዩተሩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፥ «ምን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ይቀራል። ቦቢና ወይም የነዳጅ መርጫው ውስጡ ተገናኝቶ አቃጥሎት ከሆነ፥ አዲሱንም ያቃጥለዋል። በሌላ መኪና ባትሪ ሲያስነሡ ገመዱን ገልብጦ ማያያዝም ይገድለዋል። የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ በሰሌዳው ላይ ያለውን ብየዳ ስለሚሰነጥቅ፥ አንዳንዱን ብልህ ባለሙያ በመበየድ ብቻ ያድነዋል።

መለወጥ ግድ ከሆነ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። መልኩ መመሳሰሉ አይበቃም። ብዙ መኪናዎች ከሌብነት የሚጠብቅ የቁልፍ ምስጢር ስላላቸው፥ አዲሱ ኮምፒዩተር ከቁልፉ ጋር በመሣሪያ ካልተዋወቀ ሞተሩ አይነሣም። ሲነቀልና ሲተከልም አስቀድሞ የባትሪው አሉታዊ ጫፍ ይፈታ።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መኪና በገፍ በተዘረፈበት አገር ርካሽ ሆኖ የሚሸጥ አሮጌ ኮምፒዩተር ከማን መኪና እንደ ወጣ መጠየቅ ይገባል። ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ የሚገዛ ሰው የጎረቤቱን እንጀራ ሳያውቅ ይገዛ ይሆናል፤ የሚገዛ ባይኖር የሚፈታም ባልኖረ ነበር።

ስለዚህ የቤቱ አባወራም እመቤትም መካኒኩን «ምን ለካህ? ስንት ቮልት አገኘህ?» ብለው ይጠይቁት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ መልስ የሌለውም በሰው ገንዘብ የሚሞክር ነው። አባቶቻችን «ነገሩን ከሥሩ፥ ውሃውን ከጥሩ» ያሉት ለዳኞች ብቻ አይደለም፤ ለጋራዥም ይሠራል።