«ከንክኪ ነፃ» ያልነው ቦታ ከመዥገር ነፃ አይደለም

የሁምቦ ተራራ መከለል ምን እንደሚያስገኝ ያሳየን ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ፕሮጀክት 2,728 ሔክታር የተራቆተ መሬት አገግሟል፤ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል። በሌሎች የወላይታ ወረዳዎችም ተፋሰሶች እየተከለሉ ነው። ይቀጥል።

ሆኖም ሪፖርቶቻችን «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» የሚሉት መሬት ለመዥገር ባዶ ቤት አይደለም። ሰማያዊ መዥገር የሚባለው ትንሹ ዕድሜውን በአንድ ከብት ላይ ስለሚጨርስ፣ ከብት ካልገባ እጮቹ በወራት ውስጥ ያልቃሉ። በእግሩ ላይ ነጭ ቀለበት፣ በጀርባው ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ትልቁ መዥገር፣ አምብሊዮማ፣ ግን በየዕድገቱ ደረጃ ሌላ እንስሳ ላይ ይወጣል። ለእጩ ወፍም ጥንቸልም ይበቃዋል። የጎለመሰው ደግሞ ደም ሳይመጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ቦታው ሁለት ዓመት አርፏል» የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም።

ይህ መዥገር በጎችንና ፍየሎችን እያዞረ የሚጥለውን ካውድሪዮሲስ ያስተላልፋል፤ የላም ጡት ያቆስላል፣ ቆዳ ይበሳል። ሰማያዊው ደግሞ ሽንትን የሚያቀላውን ባቤሲዮሲስ ያመጣል። የተሻሻሉ ዝርያዎች ይበልጥ ይጎዳሉ። ሣር አጫጁም አይተርፍም፤ ከአምብሊዮማ ንክሻ በኋላ ትኩሳትና በተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት የሚያስከትል በሽታ አለ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሣር ማጨዱን ለጤና ባለሙያው ቢናገር ይረዳዋል።

አሳሳቢው ወቅቱ ነው። የጎለመሰው አምብሊዮማ ዝናብ ሲጀምር ይበዛል፤ ለጊፋታ የሚደልበው በሬም በክረምት ሣር ነው የሚሞላው። በሬው ከቤት ባይወጣም በሣሩ ጫፍ የተሰበሰቡ እጮች ከሸክሙ ጋር ሊገቡ ይችላሉ። ታጭዶ በፀሐይ የደረቀ ሣር ይሻላል።

የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው ችግኝ ይቆጥራል፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ክትባት ይቆጥራል፤ መዥገሩ በሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች መካከል ያልፋል። የተከለሉ ቦታዎች መተዳደሪያ ደንብ የሣር ክፍፍልንና የቅጣት ገንዘብን እስከ ሳንቲሙ ይዘረዝራል፣ መዥገርን ግን ሲጠቅስ አላየሁም። ሣር ከመከፈቱ በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያው ቦታውን ይይ፤ የተጠቃሚዎች ከብቶችም በዚያው ሰሞን በትክክለኛ መጠን በተበጠበጠ መድኃኒት ይረጩ። ዳያዚኖንን በግምት መበጥበጥ ከብቱንም ረጪውንም ይመርዛል፤ ሲቀጥን ደግሞ መዥገሩን ያለማምደዋል። ወጪው ከሣር ሽያጩ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ የዘንድሮው ደንብ ሲታደስ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።