«የቆላ ልጅ ለሩጫ አይሆንም» ላላችሁ

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስወጣ አንዲት ተማሪዬ ተከትላኝ መጣችና «ቲቸር፣ ጂን ይቀየራል እንዴ?» አለችኝ። ባዮሎጂ ስለማስተምር የምዕራፉ ጥያቄ መስሎኝ ስለ ሚውቴሽን ማብራራት ጀመርኩ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። በትምህርት ቤቶች ውድድር 3,000 ሜትር ሮጣ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። ከመራጮቹ አንዱ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) «አትልፊ የኔ ልጅ፣ ሩጫ በደም ነው። ጂኑ ያለው አርሲ ነው፤ የቆላ ሰው አይሆንለትም» ብሎ ሸኛት።

ከዚያ ወዲህ ልምምድ ቀርታለች። ታላቅ ወንድሟ ሳውዲ ነው። ራያ ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ «እዚህ ለምንም አልሆንም» ብላ ካመነች ቀጥሎ የሚታያት መንገድ የቱ እንደሆነ ለቆቦ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ንዴት ካለበት ይቅር በሉኝ።

በመጀመሪያ፣ ዘረ-መል ምንም አያደርግም አልልም። ያ ውሸት ይሆናል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ1990ዎቹ ቤተሰቦችን ሰብስበው ለ20 ሳምንት አንድ ዓይነት ልምምድ አሠርተዋቸው ነበር። አንዳንዱ ሰው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በጣም ጨመረ፣ አንዳንዱ እዚያው የነበረበት ቀረ። ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉ በቤተሰብ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። ግን ልብ በሉ! የተለካው ሰው ከሰው ነው እንጂ ወረዳ ከወረዳ አይደለም። አርሲም ውስጥ ልምምድ የማይሰማው አለ፣ ዞብል ተራራ ላይም የሚሰማው አለ። ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው አሠልጥኖ በማየት ነው፤ መታወቂያ ላይ የተወለደበትን ቦታ በማንበብ አይደለም።

ደግሞ የኛን አትሌቶች የሚመለከት ጥናት አለ። በ2003 (በፈረንጅ) ብሔራዊ ቡድናችንን የተመለከተ ሥራ ታትሟል። አዎ፣ ማራቶን ሯጮቹ በብዛት ከአርሲና ከሸዋ ነበሩ። መራጫችን እዚች ጋ አንብቦ መጽሐፉን የዘጋ ይመስለኛል። እዚያው ጥናት ላይ እኮ ማራቶን ሯጮቹ ልጅ ሳሉ ከሌላው ሰው ይልቅ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበርና አብዛኞቹም በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር ተጽፏል። በኋላ በእናት መስመር የሚወረሰውን ዲኤንኤ አዩ፤ አትሌቱና ሌላው ሰው ያው ሆነ። «የፍጥነት ጂን» እየተባለ የሚወራለትን ኤሲቲኤን-3ን አዩ፣ ኤሲኢ የሚባለውንም አዩ፤ የኢትዮጵያ አትሌት ከተራው ኢትዮጵያዊ አልተለየም። በአባት መስመር በዋይ ክሮሞዞም በኩል ግን የተወሰነ ልዩነት አግኝተዋል፤ አልደብቅም። እስኪ ንገሩኝ፣ ደራርቱ ዋይ ክሮሞዞም አላት? ጥሩነሽስ? ፋጡማ ሮባስ?

«የዲባባ እህትማማቾችስ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ፣ ደራርቱም የአክስት ልጅ። ደም ይኖርበታል። ግን አንድ ቤት፣ አንድ ሜዳ፣ ቀድማ ባርሴሎና ላይ በ1992 ወርቅ ያመጣች ዘመድ፣ ደግሞ በቆጂን የመሰለ ከተማም አለበት። በቆጂ ውስጥ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል ሰው አለ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። እንደኔው ጠመኔ የያዘ ሰው! ቀነኒሳና ጥሩነሽ በእጁ ያለፉ ናቸው። ይኼን ሰው ከዚያ አንስታችሁ ጂኑን ብቻ ብታስቀሩት ምን ይወጣ እንደነበር አስቡት።

ደሙ አርሲ ብቻ ከሆነማ አበበ ቢቂላ የሰሜን ሸዋ ጃቶ ልጅ ነው። ምሩጽ ይፍጠር ከአዲግራት። ለተሰንበት ግደይ ከትግራይ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ያሸነፈው ሰለሞን ባረጋ ጉራጌ። መሠረት ደፋር አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች። ስንቱን ልቁጠር?

ከፍታው ግን እውነት ነው፤ እዚህ ላይ መራጩ ግማሽ ልክ ነው። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ቆቦ 1,500 ገደማ። ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ይኼ ለውጥ ያመጣል፤ የኛ ሙቀት ደግሞ ረፋድ ላይ ልምምድ አያስነካም። ግን ከፍታ ጂን አይደለም፣ ዳገት ነው። ሰው ይወጣዋል። በስተ ምዕራብ የላስታ ተራራ ፊት ለፊታችን ቆሟል፣ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድም አለ። ደሞ ከፍታና ዘር ብቻ ቢበቃ ኖሮ ሰሜን ተራሮች ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖረው ወገናችን፣ ተመራማሪዎች ሄደው በደሙ የተደነቁበት፣ ማራቶኑን ሁሉ በጠቀለለው ነበር። ከዚያ የወጣ ስንት ሻምፒዮን ታውቃላችሁ?

ቆይ፣ ለምንስ ረጅም ርቀት ብቻ? ጃማይካ ሞቃት ደሴት ናት፣ ባሕር ዳርቻ። ከ1910 ጀምሮ የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና አላቸው፤ ቦልት በርሊን ላይ 9.58 ከመሮጡ በፊት እዚያ ነው የታየው። የጃማይካን ሯጮችም ያንኑ ኤሲቲኤን-3 ፈትሸውላቸው ከሌላው ጃማይካዊ ልዩነት አላገኙም። እኛ ጋ ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ሲያሽከረክር የሚውል ልጅ ሞልቷል። ዲስከስ ወይም ጦር አስይዞ «እስኪ ወርውር» ያለው ማነው? ዲስከሱስ የታለ? እኛ ጋ አሎሎ የምንወረውረው ድንጋይ መርጠን ነው።

በነገራችን ላይ ይኼ «የራያ ደም ልዩ ነው፣ የጀግና ጂን አለን» እያላችሁ ፖስት የምታደርጉም ያው ናችሁ። ሚዛኑን ገልብጣችሁ ነው የያዛችሁት።

እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ኮሜንት ላይ ያርመኝ፣ አልቀየምም። ግን ስቶፕዎች በሌለበት፣ ስንት የትምህርት ዓመት በጦርነት በተቆራረጠበት፣ መራጩ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ሁለት ሰዓት በሚያይበት ቦታ ችግሩን ጂን ላይ መጣል በጣም ምቹ ነገር ነው። ጂን በጀት አይጠይቅም። ጂን ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እኔን ምን አገባኝ» አይልም።

ትናንት ልጅቷን በአባቷ በኩል አስጠርቼ አነጋገርኳት። ጂን አይቀየርም፣ ያንቺ ግን ገና አልተሞከረም አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። አባቷ «ጫማ የላትም እኮ የኔታ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነን። ያገለገለ የመሮጫ ጫማ፣ 37 ቁጥር፣ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ያውራኝ።