እናትየዋን ተዉአት
ደህና ስታድግ የነበረች ሕፃን ዓመት ሳይሞላት ወይም ትንሽ አልፏት የለመደችውን ቃል ስትረሳ፣ እጇን እንደሚታጠብ ሰው ስታፋትግ፣ እኛ ጋ «ቡዳ ነው» ይባላል። ካልሆነም እናቷ ትከሰሳለች።

ሬት ሲንድረም የሚባል በሽታ አለ። መንስኤው እ.ኤ.አ. በ1999 በሁዳ ዞግቢ ቤተ ሙከራ ታወቀ፤ ኤምኢሲፒ2 የተባለው ዘረ መል መበላሸት ነው። ያኔ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት አይሞቱም፤ ያንሳሉ፣ ቅርንጫፋቸው ይሳሳል፣ መልእክት መቀባበል ያቅታቸዋል። ብልሽቱ በአብዛኛው በዘር የወረደ ሳይሆን አዲስ የተፈጠረ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በአባት የዘር ፍሬ ውስጥ። (አባትየውም ጥፋት የለበትም።)

በ2007 የኤድሪያን በርድ ቡድን በታመሙ አይጦች ላይ ዘረ መሉን መልሶ ሲያሠራው ብዙዎቹ አገገሙ። አይጥ ሰው አይደለም። ግን ሕዋሳቱ በሕይወት መኖራቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጅቷን ከቤት ደብቆ ለማስቀመጥ ምክንያት የለም።