ልብሱ ተገዛላት፤ ግጥሙንስ ማን ያውርሳት?



የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ልጅዎ «እማዬ፣ እኔም ሻደይ ልጫወት» ትልዎታለች እንበል። ከደመወዝዎ ቆጥበው ጥልፍ ቀሚስ ይገዙላታል፤ ፀጉሯን ያሠሯታል፤ ዓይኗን ይኳሏታል። ልጅቱ አምራና ደምቃ ከእኩዮቿ መካከል ስትቆም ግን የምትለው ይጠፋታል። በድምፅ ማጉያ የተለቀቀውን ዘፈን እየሰማች ከማጨብጨብ በቀር ሌላ አታውቅም። ልብሱን ገዛንላት፤ ግጥሙን ግን አላወረስናትም። ዛሬ የምንወያየው ስለዚሁ ነው።

እንደሚታወቀው ሻደይ በሰቆጣና በመላው ዋግ ኽምራ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ለቀናት የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ስያሜውም ልጃገረዶቹ በወገባቸው ዙሪያ ከሚያስሩት ረዥምና ለምለም ሣር የመጣ ነው። እኩያሞች በቡድን ይሰባሰባሉ፤ ከበሮ ይዘው በአማርኛም በኽምጣናም እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የሰጣቸውን ይመርቁታል፤ የነፈጋቸውን በግጥም ሸንቆጥ ያደርጉታል። ያገኙትንም በጋራ ይቋደሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተመልካች ብቻ የሆነ የለም። ገጣሚዋም፣ ዘፋኟም፣ ቡድኑን የምትመራውም የሰፈር ልጅ ናት። በሌላው ጊዜ በታላላቆች ፊት አንገቷን የምትደፋ ልጅ በእነዚህ ቀናት የልቧን በግጥም ትናገራለች፤ ሰፈሩም ያዳምጣታል። የባህል ባለሙያዎች ዛሬ «ኅብረተሰቡ ራሱ የሚሳተፍበት ኪነ ጥበብ» ብለው የሚያጠኑት ትምህርት የዋግ እናቶች ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉት የኖሩት ነው።

በዚህ ረገድ ዓለምም ተስማምቷል። ዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች እንዲጠበቁ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀችው ስምምነት፣ በጥበቃው ሥራ የባህሉ ባለቤቶች በሰፊው እንዲሳተፉ ይጠይቃል። ስለዚህ መቅጃና ካሜራ ይዞ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ አጥኚ ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል፦ ማንን ጠየቀ? ማን ፈቀደለት? የሰበሰበውንስ ለማን መለሰ?

ነገሩ ለገጠር በዓል ብቻ የሚሠራ አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ። ከዚህም አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ። ወጣቶቹ ከዓመታት ሥልጠና በኋላ ራሳቸው አሠልጣኞች ሆነው ለሌሎች ወጣቶች አስተማሩ። በሰው የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ልጅ መድረኩ ሲፈርስ ሥራውም ያበቃል፤ ራሱ መፍጠርን የተማረ ግን ለሌላው ያካፍላል።

ሻደይ ዛሬ በሁለት ወገን ተፈትኗል። በአንድ ወገን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ጎድቶ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ ገብቷል። መንደር ሲበተን የሚያወጡትና የሚቀበሉት እኩያሞችም አብረው ይበተናሉ። በሌላ ወገን መድረኩና የእንግዳው ብዛት አለ። በዓሉ በድምቀት መከበሩ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ልጃገረዶች ለእንግዳ ዓይን ተሰልፈው ሌላ ሰው የመረጠላቸውን ዘፈን ብቻ እንዲዘፍኑ ከተደረገ፣ በገዛ በዓላቸው ተቀጣሪ መሆናቸው ነው።

ታዲያ እኛ የከተማ እናቶች ምን እናድርግ?

1ኛ፦ የምናውቀውን እንስጥ። አያት በሕይወት ካሉ ልጅቱን ይዘን እንሂድ፤ ባይመቸን እንኳ በስልክ እናገናኛት። «በልጅነታችሁ ምን ትሉ ነበር?» ብላ ራሷ ትጠይቅ። ፈቃዳቸውን አግኝታ ድምፃቸውን ትቅዳ፤ በደብተሯም ትጻፍ።

2ኛ፦ አዲስ ግጥም ስትገጥም አንሣቅባት። ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ሰፈሯ፣ ስላስከፋት ነገር ትበል። የአያቶቿም ግጥም በጊዜው አዲስ ነበር።

3ኛ፦ ፈቃዷ ይከበር። ሳትጠየቅ ፎቶግራፍ የሚያነሣትን፣ በበዓል ሰበብ የሚጎነትላትን «ተው!» ማለት የወላጅና የጎረቤት ግዴታ ነው። በነፃነት ሥጋት ካለ ጨዋታ የለም።

4ኛ፦ በመሥሪያ ቤት ወይም በቀበሌ በዓል ስናዘጋጅ ልጃገረዶቹን ከመርሐ ግብሩ በፊት እናማክራቸው። ገቢ ከተገኘም ድርሻቸው ይታወቅ።

ውድ እናት፣ ቀሚሱ በሚቀጥለው ዓመት ይጠባታል፤ ለታናሿ ይሆናል። ግጥሙ ግን ከእርሷ ጋር ያድጋል። የዛሬ ሃያ ዓመት እርሷም በተራዋ «እማዬ፣ ምን ልበል?» የምትላት ልጅ ትኖራት ይሆናል። ያን ጊዜ የምትመልሰው እንዳታጣ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ከበሮ ባይኖር እንኳ ጠረጴዛውን እየመታን አንድ እናውጣላት፤ እርሷም ትቀበለን።