«ወተትሽ ትንሽ ነው» ለምትሉ ሁሉ

አራስ ቤት ትገባላችሁ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላላችሁ፤ ትመርቃላችሁ። ሕፃኑ ትንሽ ሲነጫነጭ ግን አፋችሁን የሚቀድመው ያው ንግግር ነው፦ «ወተትሽ አልበቃውም መሰለኝ።» ዘመዶችም፣ ጎረቤቶችም፣ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ የምትደውሉ አክስቶችም፣ በክፋት እንደማትሉት አውቃለሁ። እኔ ግን እዚህ ስዊድን በብሬዴንግ ፎቆች ውስጥ ከማውቃቸው እናቶች የብዙዎቹን ጡት ያስጣለው በሽታ ሳይሆን ይህ ንግግር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬንም አልደብቅም።

ጡት እንደ ጎተራ እህል ተቀንሶ ተቀንሶ የሚያልቅ ነገር የለውም። ሕፃኑ በሳበ ቁጥር ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ይወጣል፤ ወተት እንዲሠራ የሚያዘው እርሱ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ከቀን ይበረታል። የተሠራውን ወተት የሚያወርደው ኦክሲቶሲን ነው፤ እርሱን ሕመም፣ ድንጋጤና ሐፍረት ያዘገዩታል። ጡት አግቶ፣ ሳይጠባና ሳይታለብ ሲውል ደግሞ ሰውነት የሚፈለገው ይህን ያህል ብቻ ነው ብሎ ሥራውን ይቀንሳል።

እንግዲህ ያለ ሐኪም ምክር ጡጦ ስትሰጡ የምታደርጉትን ተመልከቱ። ሕፃኑ በዱቄት ወተት ጠግቦ ረጅም እንቅልፍ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ሊጠባ የሚገባው ጡት ያጋታል፤ የሚቀንሰው ስለሌለም ሥራውን ያዘገያል። በማግስቱ በእርግጥ የወረደው ያንሳል። እናንተም ተመልሳችሁ «አላልኩሽም?» ትላላችሁ። እናቲቱ ታፍራለች፤ ያፈረች እናት ወተቷ ቶሎ አይወርድላትም፤ ሁለተኛው ጡጦ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው «ድሮም ወተት አልነበራትም» ይላል። ይህ በራሷ ጓዳ፣ በዘመዶቿ ፊት የተሠራባት በደል ነው።

በመጀመሪያ ልጄ ይህንኑ ቀምሻለሁ። ኅዳር ነበር፤ እዚህ አገር በኅዳር ከቀትር በኋላ ወዲያው ይጨልማል። ልጄ ከምሽት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ከጡቴ አልላቀቅ ይላል፤ ለቆ ያለቅሳል፤ ተመልሶ ይይዛል። ሊጠይቁኝ የመጡት ሁሉ በዓይናቸው ይፈርዱብኝ ነበር። አንዷ የምወዳት ሴትዮ ጡቴን በእጇ ጨምቃ «ባዶ ነው» አለችኝ። ዛሬም ያ ቃል ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል። ምክንያቱም የልጄ ክብደት በየሳምንቱ እየጨመረ ነበር! ብዙ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሽት ላይ እንዲህ ተደራራቢ ይጠባሉ፤ ለነገ የሚያስፈልጋቸውን ወተት የሚያዙት በዚህ መንገድ ነው። ለስላሳ ጡትም ባዶ ጡት አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውነት የልጁን ልክ ሲያውቅ ጡቱ እንደ መጀመሪያው መወጠሩን ይተዋል።

ወተት በቂ መሆኑን የሚናገሩት ዳይፐርና ሚዛን ናቸው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ በደንብ የሚያረጥብ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ተወለደበት ክብደት የተመለሰ፣ ከዚያም የሚጨምር ሕፃን ጠግቧል፤ ቢያለቅስም ጠግቧል። ቤቬሴ (የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ሄዳችሁ አስመዝኑት፤ ሚዛኑ ከማናችንም አፍ የበለጠ እውነት ይናገራል።

ወተታቸው በእርግጥ የሚያንስ እናቶች አሉ። ከእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማሕፀን ውስጥ የቀረባት፣ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የታይሮይድ ችግር ያለባት፣ ጡቷ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ የወተት ዕጢዎቿ በደንብ ያላደጉላት፣ ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ጊዜው ሳይደርስ የጀመረች እናት ሐኪም ያስፈልጋታል እንጂ ምክር አያሻትም። ሕፃኑ ክብደት እየቀነሰ፣ እየደከመ፣ ሽንቱ እየጠፋ ከሆነ የዱቄት ወተቱ በዚያው ቀን ይሰጠው፤ ምግብ ነው፤ ነፍስ ያድናል። በጡጦ ያሳደገችን እናት «ልጅሽን ከጡትሽ ለየሽው» የሚሉትም «ወተትሽ ትንሽ ነው» ከሚሉት የሚለዩ አይደሉም፤ ሁለቱም አራስ ላይ ይፈርዳሉ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስዊድን ራሷ የእናቶቿን ወተት በሆስፒታል ሥርዓት አድርቃ ታውቃለች። በወሊድ ክፍሎች ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ተለይተው ሌላ ክፍል ይተኙ፣ በየአራት ሰዓቱ ብቻ ይመጡ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስድስት ወር እስኪሞላቸው ጡት የሚጠቡት ከአሥር ሕፃናት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። የስዊድን ሴቶች ጡት በአንድ ትውልድ የተበላሸ ይመስላችኋል? ሰዓቱ ነው ያበላሸው። በ1973 አምኒንግስየልፐን የሚባለው የእናቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ እናት እናትን በስልክ እያገዘች፣ ሐኪሞቹም ሥርዓታቸውን እየለወጡ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስድስት ወር ከሞላቸው ሕፃናት ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት ይጠቡ ነበር። የተለወጠው በእናቲቱ ዙሪያ ያለው ሰው ነበር።

የኤሌክትሪክ ጡት ማለቢያውም ታሪክ በዚሁ አገር ያልፋል። መሐንዲሱ ኤይናር ኤግኔል በ1950ዎቹ የሠራው ማሽን ከእርሱ ጋር በሠራችው ነርስ ስም «ሲስተር ማያ» ተባለ። የሚስብበትን ኃይል የጡቱን ሥጋ በማይጎዳ ልክ ለመወሰን የተደከመበት ማሽን ነው። ዛሬ ግን ለእናቲቱ ማሽኑን ገዝተን እንሰጣትና ሲስተር ማያን እንነፍጋታለን። ጡት ላይ የሚገጠመው ጽዋ ከጡት ጫፏ ጋር ልክ መሆኑን የሚያይላት የለም፤ ጠባብ ከሆነ ያቆስላል፣ ሰፊ ከሆነም በደንብ አያልብም። እናቲቱ የሚንጠባጠበውን እያየች ታለቅሳለች። እህቴ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያየሽው የወተትሽ ልክ አይደለም፤ ደህና የሚጠባ ሕፃን ማሽኑ የማያወጣውን ያወጣል። ጡትሽን አሙቂው፤ በእጅሽ እያሸሽ እለቢ፤ ሁለቱንም በአንዴ የሚያልብ ካገኘሽ ይሻላል። ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ከማለብ ቶሎ ቶሎ ማለብ ይጠቅማል። ልጁ ጨርሶ የማይጠባ ከሆነ በቀንና ሌሊት ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ያለችውን አትዝለያት። ወተቱ ሲያንስ ብዙ እናቶች በቀን አንዴ፣ ለጥቂት ቀናት የሚሞክሩት ዘዴም አለ፦ 20 ደቂቃ ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ 10 ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ 10 ማለብ። ይህ ሁሉ ግን ሌላ ሰው ወጡን ካልሠራ፣ ትልቁን ልጅ ከመዋለ ሕፃናት ካላመጣ፣ የማለቢያውን ዕቃ ካላጠበ ከንቱ ነው።

ስለ ምግቡም ልናገር። አጥሚቱ፣ ገንፎው በቅቤ፣ ተልባው ይምጣ፤ የሚያጠባ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል። አብሽ ወተት ይጨምራል የሚለው ግን ማስረጃው ደካማ ነው፤ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ እናት ደግሞ ሐኪሟን ሳትጠይቅ በመድኃኒት መልክ አትውሰደው። «ቢራ ጠጪ፣ ጠላ ጠጪ፣ ወተት ያበዛል» የምትሉ ግን እባካችሁ ተዉ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ከፊላደልፊያ የወጣ ጥናት እናቶቻቸው አልኮል በጠጡባቸው ሰዓታት ሕፃናቱ የጠቡት ወተት ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

አራሷ ከምግቡ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ምግቡን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። አገር ቤት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ትገባለች፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ፣ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ እሳቱን የሚያነድ፣ ልብሱን የሚያጥብ ሌላ ነው። እርግጥ እዚያም ጉዳት አለ፤ ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚያልሱ፣ እንገሩን አልበው የሚደፉ ነበሩ፣ አሉም። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ናቸው ብሏል። ለሠራተኛዋም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከወሊድ በኋላ የተሰጣት 90 ቀን ነው፤ «ስድስት ወር ጡት ብቻ» ተብላ በሦስተኛው ወር ቢሮ ትጠራለች፤ ማለቢያ ክፍል በሌለበት ቢሮ ጡቷ አግቶ ሸሚዟን ያረጥባል። ይህን ያወጣ መንግሥት ሊያፍር ይገባዋል።

ብሬዴንግ ያለችው እናት ግን ጊዜ ሞልቶላታል፤ ለአንድ ልጅ ለወላጆች የሚከፈልበት 480 ቀን አለ። ያጣችው ሰው ነው። አባትየው በልጁ መወለድ የሚሰጡትን 10 ቀናት ሥራ ላይ የሚያሳልፍ፣ ወይም ወስዶ እንግዳ ሲያስተናግድ የሚውል ከሆነ ያ የእኛ ውርደት ነው። ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ወላጅ ከቀኖቹ እስከ 45 ቀን ለሌላ ሰው፣ ለአያት ወይም ለጓደኛ፣ እንዲያስተላልፍ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ልጁን ብቻዋን የምታሳድግ እናት እስከ 90 ቀን። ተቀባዩ በስዊድን የማኅበራዊ ዋስትና ውስጥ መሆን፣ በዚያ ቀን ከሥራ መቅረት አለበት። እናቷ አዲስ አበባ ለቀረችባት እህታችን ይህ ሕግ እናት የሚሆናት ሰው ሊሰጣት ይችላል፤ ከእኛ መካከል ስንቱ ሰምቶታል?

ስለዚህ ቅዳሜ በ13 ቁጥር ቱነልባና (የምድር ውስጥ ባቡር) መጥታችሁ አራስ የምትጠይቁ፣ ስለ ጡቷ አንድ ቃል አትናገሩ። ሳህኑን እጠቡ፤ ልጁ ሲያለቅስ ለእናቱ ስጧት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጡ። ብታስቡላት ቤቬሴ አብራችኋት ሂዱ፤ ቋንቋ ከከበዳት አስተርጓሚ እንዲቀርብላት ጠይቁ፤ አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። የማኅበሮቻችንና የዕድሮቻችን ሰብሳቢዎች ደግሞ፣ በሚቀጥለው እሑድ ስለ በዓል አዳራሽ ከመነጋገራችሁ በፊት የ45 ቀኑን ሕግ ለአባላቱ በአማርኛ አንብቡላቸው፤ ቀን ልቀበል የሚል ሰው ስሙን እዚያው ያስመዝግብ፤ ዝርዝሩም ነፍሰ ጡሮቹ እጅ ይግባ።